ከጣና ዳር እስከ ኩባ ደሴት፦ ስለ ማዕድና ስለ ቋንቋ



የመድረኩ አዘጋጆች ሲያነጋግሩኝ ያቀረቡልኝ ጥያቄ «ስፓኒሽ ለመማር ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ምን ይዞ ይሂድ?» የሚል ነበር። መዝገበ ቃላት፣ የስልክ መተግበሪያ፣ የሰዋስው መጽሐፍ እያልኩ የምዘረዝር መስሏቸዋል። «ሆዱን ይዞ ይሂድ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። የሰው አገር ቋንቋ ከክፍል ይልቅ ከማዕድ ይለመዳል። የአገሩን እህል የሚጠየፍ ልጅ ፈተናውን ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ ሰው መሀል ሲገባ ግን አፉ ተሳስሮ ይቀራል። ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ስፓኒሽ አፌን የፈታሁት ኩባ ነው። ስለ ኩባ ከማውራቴ በፊት ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከዚሁ ከጣና ሐይቃችን ዳር የኖረ አንድ የስፔን ሰው አለ፤ እሱን ላስቀድም።

ከባሕር ዳር ጀልባ ይዛችሁ፣ ዘጌን በስተግራ እየተዋችሁ ሐይቁን ወደ ሰሜን ብታቋርጡ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ የኖረው እዚያ ነው፤ በ1622 እ.ኤ.አ. የሞተውም እዚያው ነው። የተወለደው በ1564 እ.ኤ.አ. ማድሪድ አጠገብ ባለች ትንሽ መንደር ነው። ስሙ በብዛት የሚነሣው በ1618 እ.ኤ.አ. ሰከላ ወጥቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እየተባለ ነው። የሰከላ ሰው ከእሱ በፊት ስንት ዘመን ሲጠመቅበት የኖረውን ውኃ «አገኘ» መባሉን ለጊዜው እንለፈው። እኔን የሚገርመኝ የሰውየው ምላስ ነው።

ፓኤዝ በ1589 እ.ኤ.አ. ከጎዋ ተነሥቶ፣ አርመን መስሎ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ዐረቢያ ጠረፍ ላይ ተያዘና የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ቆየ። ዐረብኛ የተማረው በዚያ ነው፤ በእስር ቤት፣ ከአሳሪዎቹ አፍ። ቡን ከሚባል ፍሬ ገለባ ተፈልቶ የቀረበለትን ትኩስ መጠጥ በኋላ በጻፈው መጽሐፉ ሳይቀር አንሥቶታል። በምርኮ ላይ ያለ ሰው እንኳ የቀረበለትን ቀምሶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ በልቡ መዝግቦ ሲወጣ አያችሁ? ለሁለተኛ ጊዜ ሞክሮ ምጽዋ የገባው በ1603 እ.ኤ.አ. ነው። አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ተቀምጦ አማርኛንና ግእዝን ተማረ። በቀጣዩ ዓመት ንጉሡ ዘድንግል አስጠሩት። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመንም ጎርጎራ ላይ መሬት ተሰጠውና የሐይቁ ዳር ሰው ሆነ።

በዚሁ ዘመን ቫሌንሲያ ውስጥ ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል መነኩሴ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዓመቱ 1610 እ.ኤ.አ. ነው። ኡሬታ ኢትዮጵያን በእግሩ አልረገጣትም። ስለዚህም አምባ ግሸን ላይ ተቆጥሮ የማያልቅ የመጻሕፍት ክምችት አየላት፤ የነገሥታቱንም ኑሮ እንደ ተረት አድርጎ አሳመረው። ፓኤዝ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት በፖርቱጋልኛ የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ በአብዛኛው ለዚህ መጽሐፍ መልስ ነው። እየበላ የሚኖርበትን አገር ሰዎች አለባበስ፣ አበላል፣ ግብር አገባብ እያነሣ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ይለዋል። ሁለቱም የስፔን ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ቄሶች ናቸው፣ ሁለቱም የተማሩ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ እዚህ ገበታ ቀርቧል፣ አንዱ አልቀረበም።

ፓኤዝን ላወድሰው አይደለም የመጣሁት። የመጣበት ጉዳይ የሕዝቡን ሃይማኖት ማስለወጥ ነበር፤ መዘዙንም ይህ አገር በደም ከፍሎታል። ነገር ግን እሱ ከሞተ በኋላ በ1625 እ.ኤ.አ. የመጣውን ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝን ከእሱ ጋር አስተያዩት። ፓኤዝ ቀስ ብሎ፣ ተለሳልሶ፣ በሰው ቋንቋ እየተናገረ የኖረበትን አገር ሜንዴዝ በትእዛዝ ሊያስተካክለው ተነሣ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና ይሾም፣ በዓሉና ጾሙ በሮማ አቆጣጠር ይሁን አለ። የሰውን ጾም መንካት ማለት ጓዳው ድረስ ገብቶ ድስቱን መክፈት ማለት ነው። ገበሬው ጦር አነሣ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ከወይና ደጋው እልቂት በኋላ ሱስንዮስ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሼላችኋለሁ ብለው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሚስዮናውያኑም ብዙ ሳይቆዩ ተባረሩ። በእኔ ግምት ሜንዴዝ የወደቀው የማዕዱን ሥርዓት ሳያውቅ ባለቤት ልሁን ስላለ ነው።

አሁን ወደ ኩባ ልሻገር።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የተገኘውን ድል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ከሶማሊያ ጋር በተደረገ ጦርነት ከኢትዮጵያ ወታደር ጎን የኩባ ወታደር ተሰልፎ ነበር፤ አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ሄዳችሁ የወደቁትን የኩባውያን ፎቶግራፍ ማየት ትችላላችሁ። ከጦርነቱ በኋላ አባቶቻቸው የሞቱባቸው ልጆች፣ የሚሊሺያና የወታደር ልጆች፣ ቁጥራቸው ከሁለት ሺህ የሚበልጥ፣ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። እኔም አንዱ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም የዘመተ ሚሊሺያ ነበር።

ያረፍነው ቀድሞ የፒኖስ ደሴት ይባል በነበረውና በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣቶች ደሴት ተብሎ በተሰየመው ቦታ ነው። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ፣ የኒካራጓ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ነበሩ። የእኛው አንዱ ትምህርት ቤት ስሙ ካራማራ ነበር። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩትና የብርቱካን እርሻ ውስጥ ሥራ። የሜዳው ሙቀት አይጣል ነው።

የመጀመሪያዋን ሳህን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ሳህን ስል ባለ ክፍልፋይ የብረት ትሪ ማለቴ ነው። በትልቁ ጉድጓድ ነጭ ሩዝ፤ በጎኑ እንደ ቀለም የጠቆረ የባቄላ ሾርባ፤ በአንዱ ጥግ የተቀቀለ ካሳቫ ነጭ ሽንኩርት የፈሰሰበት፤ በሌላው ጣፋጭ ነገር። እጃችን እንጀራ ፈለገ። እንጀራ የለም። በእጅ የምንቆርሰው ስናጣ ማንኪያ ይዘን ተፋጠጥን። አንዱ ልጅ ጥቁሩን ባቄላ አይቶ «ይሄ ተቃጥሏል» ብሎ ገፋው። የወጥ ቤቷ ሴት ግን እንደተናደደች እናት ወገቧን ይዛ መጣችና ባቄላውን ሩዙ ላይ ደፍታ፣ አደባልቃ፣ በማንኪያ ወደ አፉ አቀረበችለት። ጉርሻ! ልጁ ዋጠ። እኛም በላን። እነዚያን ሴቶች ሁሉ «ቲያ» ነበር የምንላቸው፣ አክስቴ እንደማለት። ደብተር ላይ ከተጻፈው ግስ ሁሉ በፊት የያዝኩት ከእነሱ የሰማሁትን ነው፦ ብላ፣ ጨርስ፣ ቆይ፣ ና፣ ይበቃሃል፣ ትንሽ ልጨምርልህ።

የክፍል መምህራችን እያንዳንዱን ፊደል እያነጠረ ያስተምረናል። ምግብ ቤት ስንገባ ግን የቃሉ መጨረሻ ላይ ያለው «ስ» የት እንደሚገባ ሳናውቅ ይጠፋል። የኩባ ሰው ይውጠዋል። እኛም ከሩዙ ጋር ዋጥነው። ዛሬም የማድሪድ ሰው ሲያነጋግረኝ ሁለት ቃል ሳልናገር «ኩባ ነበርክ?» ይለኛል።

ከዚያ የአሳማው ነገር መጣ። ከእኛ መካከል ክርስቲያንም እስላምም አለ፤ አሳማ የሚበላ ግን የለም። ኩባ ደግሞ በዓል ሲሆን አሳማ ካልተጠበሰ በዓል አይደለም። ሥጋው ትሪያችን ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ልጅ ተነሥቶ ወጣ። ከፊላችን ተቀምጠን ቀረን፤ የቀረነውም ለቲያዎቹ ለምን እንደማንበላ ማስረዳት ነበረብን። «አልበላም» አልኳቸው። «ለምን? አሞሃል?» «አላመመኝም።» «እናትህ ከልክላህ ነው?» «እናቴም፣ ቄሱም።» በስፓኒሽ መጀመሪያ የተከራከርኩት በዚያ ወንበር ላይ ነው። ተነሥተው የወጡት ልጆች በዚያ ቀን ምንም አልተማሩም። ስለዚህ የአገሩን ምግብ ቅመሱ ስላችሁ ሁሉን ጥረጉ ማለቴ አይደለም። እምቢታም ቢሆን ከገበታው ሳይነሡ ሲሆን ቋንቋ ያስተምራል። በጊዜ ብዛት አንዳንዱ ልጅ አሳማውን በላ፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው አልነካውም፤ ማንም በማንም አልፈረደም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ኩባ ውስጥ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ የሚታደለው በራሽን ደብተር ነው። ሩዙ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ቡናው ሁሉ ልክ አለው። እሑድ ከግቢ ወጥተን ኩባውያን ቤት ስንሄድ ግን «ገና አልበላህም» ይሉናል። ከልጆቻቸው ድርሻ ቀንሰው እንደሚሰጡን የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ቡናውን ሳነሣ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያቺ ትንሽ ስኒ፣ ወፍራም፣ ስኳሯ የበዛ፣ እንደ እኛ አቦል የምታነቃ ናት። ነገር ግን በራሽኑ ቡና ውስጥ የተቆላ አተር ይቀላቀልበታል። ለጎጃም ልጅ ይህ ሊነገር የማይገባ ነውር ነው። «ቡና ከእኛ አገር ነው የመጣው» ስንላቸው አያምኑም ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ከእኛ ደጋና ቆላ ወደ የመን፣ ከየመን በአውሮፓውያን እጅ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄዷል። ኩባ የደረሰው በአሥራ ስምንተኛው ምእተ ዓመት ነው። ከ1791 እ.ኤ.አ. የሄይቲ ዐመፅ በኋላ የሸሹ ፈረንሳውያን የሳንቲያጎን ተራራ ቡና አለበሱት። ጉልበቱ ግን የባሪያ ጉልበት ነበር፤ የአፍሪካ ሰው። ዘጌ ደግሞ የቡናው ነገር በአቡነ በትረ ማርያም በትር ይነገራል፤ ጫካው ውስጥ ዛሬም ቡና ከገዳማቱ ጎን ይለቀማል። በሌላ በኩል ዛሬ ሐይቁ ዳር ቀረሶ ጠብሳችሁ የምትበሉበትን ሰሃን ተመልከቱ፤ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ፣ የዳጣው በርበሬ መነሻቸው የአሜሪካ ምድር ነው። ሜክሲኮ የምትሄዱ ልጆች የበቆሎ ቂጣ በእጅ ተቆርሶ፣ ወጥ ተጠቅልሎበት፣ በርበሬ ሲፋጅ ታገኛላችሁ፤ አትደንግጡ፣ ቤታችሁ ነው።

ትምህርት ቤታችን ከክፍሉ በላይ ሰልፍ ነበር። ሃቫና ኮፔሊያ የሚባል፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ትልቅ አይስክሬም ቤት አለ። ሰልፉ መንገዱን ይዞራል። የኩባ ሰልፍ ግን ተደርድሮ መቆም አይደለም። ትደርሳለህ፣ ጮክ ብለህ «ኤል ኡልቲሞ?» ትላለህ፣ መጨረሻው ማነው ማለትህ ነው። አንዲት ባልቴት እጃቸውን ያነሣሉ። ከዚያ በኋላ ሂድና ዛፍ ሥር ተቀመጥ፤ የምታስታውሰው የእሳቸውን ፊት ብቻ ነው። ባልቴቷም ዝም አይሉም፤ ከየት ነህ፣ ወላጅ አለህ፣ አገርህ በረዶ አለ ወይ፣ ስንት ሰዓት ትተኛለህ። አይስክሬሙ እስኪደርስ ያለፈ ጊዜ፣ የሚመጣ ጊዜ፣ «ቢሆን ኖሮ» የሚባለው ሁሉ ይለመዳል። ተራው የደረሰው ልጅ ተፈትኖ ያለፈ ያህል ነው። እኛ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንላለን፤ ያለ ብቅልም የሚያወጣ ሰልፍ አለ።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። ያንን ገበታ አብዝተን በላን። ብዙዎቻችን የሄድነው ገና ልጆች ሳለን ነው፤ አማርኛው ወደ ኋላ ቀረ፣ ከናካቴው የጠፋበትም ነበር። እንቁጣጣሽ ሲደርስ የስንዴ ሊጥ አብኩተን እንጀራ ልንጋግር እንሞክራለን፤ እየተጣበቀ ይወጣል፣ ሳቅ በሳቅ ሆነን በቁርጥራጩ እንበላዋለን። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የላከን አገር ሌላ አገር ሆነ። ኩባም ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ራሷ ተራበች። ተመልሰን ስንመጣ በስፓኒሽ የሠለጠነ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ነው የመጣው፤ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። አክስቴ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕድ ስቀርብ ጉርሻውን መቀበል እያሳፈረኝ፣ ሽሮው አፌን እያቃጠለኝ፣ ማመስገኛ ቃል ጠፍቶኝ «ግራሲያስ» ብያቸው ዘመድ አዝማዱ ተላቀሰ። ሳቁም ለቅሶውም የእኔ ነበር።

ስለዚህ ለወላጆች የምለው አለ። ልጃችሁን ስትልኩ በርበሬና ሽሮ ቋጥሩለት። እንዲበላው ብቻ አይደለም፤ እንዲያበላውም ነው። የአገሩን ሰው ቤት ጠርቶ ሽሮ የሚሠራ ልጅ «ይህ ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ በእነሱ ቋንቋ መልስ መስጠት አለበት፤ የራሱንም አይረሳም። ሁለቱን ያጣመረ ጓደኛ ነበረኝ፤ ከእኛ ሁሉ ስፓኒሹም አማርኛውም የእሱ ይበልጥ ነበር።

ስፔን ለምትሄዱ ጥቂት ልጨምር። ምሳው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ፣ እራቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነውና ሆዳችሁን አስለምዱት። ከበሉ በኋላ ቶሎ አይነሡም። ሳህኑ ተነሥቶ፣ ቡና መጥቶ፣ ወሬው የሚደምቀው ያን ጊዜ ነው፤ እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን እንደምንቆየው። የውጭ ተማሪ ብዙ ጊዜ ያን ሰዓት «ላጥና» ብሎ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። አትሂዱ። የቤት ሥራችሁ ይቆይ። ጾመኛ የሆናችሁም አትጨነቁ፤ በዐቢይ ጾማቸው የሽምብራና የስፒናች ወጥ ይሠራሉ፣ ዓሣ አለበትና ጠይቁ። በበጋ ቲማቲም ተፈጭቶ በቀዝቃዛው የሚጠጣ ጋስፓቾ አላቸው፤ ምስርም የዘወትር ምግባቸው ነው። ምስሩ ውስጥ ግን የአሳማ ቋሊማ እንዳይኖር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ይህን በስፓኒሽ መጠየቅ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርታችሁ ይሁን።

ከአገር ልጅ ጋር ቤት ተከራይታችሁ፣ በጋራ ወጥ ሠርታችሁ፣ በአማርኛ ፊልም እያያችሁ ሁለት ዓመት ብትኖሩ ግን ዲግሪውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ ቋንቋውን ይዛችሁ አትመለሱም። ይህን በአውሮፓም በአሜሪካም ባሉ የእኛ ልጆች አይቻለሁ። ብርድና ናፍቆት እንደሚያሰባስባቸው አውቃለሁና አልፈርድባቸውም፤ ግን ቋንቋው ሲያልፋቸው አይቻለሁ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ኩባ የተማረው ትውልድ ፀጉሩ ሸብቷል። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጎንደር፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ አሉ፤ በየሆስፒታሉ፣ በየግንባታው፣ በየክፍሉ አሉ። እናንተ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ተማሪዎች ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ፈልጓቸው፣ ዓሣ ጋብዟቸው፣ አስወሯቸውና ቅዱ። በስፓኒሽ ማውራት የሚፈልግ ካለም በወር አንድ ምሽት ሐይቁ ዳር መቀመጥ እንጀምር፤ ቦታውን እኔ እይዛለሁ፣ ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ለአዘጋጆቹ አስመዝግቡ።